እረኛው ሪዮ ላይ ምን አለ?

ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. እሑድ ነበር። መርካቶ እሑድን አንድ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትውለው፤ ትልልቆቹ ሱቆች ይዘጋሉ፣ ሻይ ቤቶቹ ግን አይዘጉም። ከራጉኤል ዝቅ ብሎ ባለ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ የሪዮ ኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን እየታየ ነው። ወንበር ያገኘ ተቀምጧል፣ ያላገኘ በር ላይ ቆሟል። ሸክሙን ደፍ ላይ አሳርፎ (እሑድም ሸክም አለ) አንገቱን ብቻ ያስገባም ነበር። ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ አንደኛ ሆኖ ገባ። ቀጥሎ የኛው ልጅ ፈይሣ ሌሊሣ ብቅ ሲል እጆች ሁሉ ለጭብጨባ ተነሡ። ፈይሣም እጆቹን አነሣ። አነሣና አንጓቸው ላይ አጣምሮ ከራሱ በላይ ያዛቸው። የሻይ ቤቱ እጆች አየር ላይ ቀሩ።

ዝም ተባለ። እያንዳንዱ ሰው አጠገቡ የተቀመጠውን በጎን አየት አደረገ፤ የሚያውቀው ሰው መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። ከዚያ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ "ሁለተኛ ወጣ ማለት ነው?" ሲል ጠየቀ። "አዎ፣ ብር ነው" አሉት። ወሬው ወዲያው ወደ ስኳር መጥፋት ዞረ።

ስለ ሩጫ የማውቀው እናንተ የምታውቁትን ያህል ነው። ስለ ምልክትና ስለ ትርጉሙ ግን ለብዙ ዓመት አስተምሬያለሁና የዚያን ቀን ነገር እስከ ዛሬ ከራሴ አልወጣም። ጥያቄው ሲጠየቅ ቀላል ይመስላል። ሰው በሀገሩ የክብር ሰዓት፣ ዓለም በሙሉ ዓይኑን በተከለበት ቅጽበት፣ የሀገሩን ብሶት ቢናገር ነውር ነው ወይ?

ያን ዘመን ለማያስታውስ ወጣት ነገሩን ባጭሩ ላስታውስ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ምዕራብ ሸዋ፣ ጊንጪ ላይ ተቃውሞ ተነሣ። መነሻው አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ያካልላል የተባለው ማስተር ፕላን ነው። ከፕላኑ ሥር ደግሞ የቆየ ቁጭት ነበር፤ ገበሬው በጥቂት ካሳ የለቀቀው መሬት በማግስቱ በሊዝ በብዙ እጥፍ ሲሸጥ ያያል፤ ልጁም በአባቱ ማሳ ላይ በተሠራው ሕንፃ ዘበኛ ሆኖ ይቀጠራል። በጥር ወር ፕላኑ ቀርቷል ቢባልም ተቃውሞው አልቀረም፣ ጥይቱም አልቀረም። በክረምቱ ጎንደርና ባሕር ዳር ተጨመሩ። እጅን አጣምሮ ከራስ በላይ ማንሣት የኦሮሞ ወጣቶች የሰልፍ ምልክት ነበር። ፈይሣም የምዕራብ ሸዋ ልጅ ነው። ከውድድሩ በኋላ ለጋዜጠኞች ወደ ሀገሬ ብመለስ ወይ እገደላለሁ ወይ እታሰራለሁ አለ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ለዚያውም በዕንቁጣጣሽ ዕለት፣ በዚያው በሪዮ በፓራሊምፒክ ማየት ለተሳናቸው በተዘጋጀው የ1500 ሜትር ውድድር ሁለተኛ የወጣው ታምሩ ደምሴም እጆቹን አጣመረ። (ታምሩ የሮጠበት ሰዓት በኦሊምፒኩ በዚሁ ርቀት ወርቅ ካገኘው ሯጭ ሰዓት የተሻለ ነበር። ይህን ግን ብዙ ሰው አልሰማም፤ እኛም አላከበርነውም።)

ወደ ሻይ ቤቱ ልመለስ። አብረውኝ የወጡ አንድ አዛውንት ነጋዴ ነበሩ፤ ሐጂ ነው የምንላቸው። አርባ ዓመት ሸራ ተራ የነገዱ ሰው ናቸው። ትንሽ እንደሄድን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "መምህር፣ ልጁ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ተበድያለሁ ማለት መብቱ ነው። ግን ሰርግ ቤት ሙሾ ይወረዳል? ደግሞ ገመናችንን ለፈረንጅ!" አሉኝ።

በዚያ ሰሞን የተሰሙት መቃወሚያዎች ብዙ ነበሩ፤ ከሁሉም የከበደኝ ግን ይኸው የሐጂ ነው። "ፖለቲካና ስፖርት አይቀላቀሉም" የሚለው አያስቸግረኝም። እ.ኤ.አ. በ1976 ኢትዮጵያ ከሌሎች ከሃያ በላይ የአፍሪካ ሀገሮች ጋር ሞንትሪያልን ስትተው፣ በ1984 ሎስ አንጀለስን፣ በ1988 ሴኡልን ስትቀር ፖለቲካውን ከስፖርቱ ጋር የቀላቀለው ማን ነው? ምሩጽ ይፍጠር በሞንትሪያል ሊያገኝ ይችል የነበረው ሜዳሊያ ለደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች መብት ሲባል ቀረ። ዓላማው ቅዱስ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን "ምሩጽ፣ አንተስ ምን ትላለህ?" ብሎ የጠየቀው አልነበረም። መንግሥት በሯጩ እግር ፖለቲካ ሲሠራ አቋም ይባላል፤ ሯጩ በገዛ እጁ ሲሠራ ነውር ይሆናል። ደራርቱ ቱሉ በሲድኒ መድረክ ላይ ያፈሰሰችውን እንባስ ምን እንበለው? ስለ ሀገር የተነገረ ትልቅ ንግግር ነበር፤ በቃል ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባልገባን። ማንም ግን ፖለቲካ ብሎ አልጠራውም፤ ደስ የሚለንን ፖለቲካ ፖለቲካ አንለውማ።

የሐጂ ነገር ግን ሌላ ነው። ገመና ትልቅ ቃል ነው። ገመና የሌለው ቤት የለም፤ ጨዋ የሚባለው የራሱን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም የሚከድን ነው። ሲርበው እንኳ ጥርሱን ፍቆ የሚወጣ ሰው አለ። ይህን ባህል የሚንቁ ዘመናውያን አሉ፤ እኔ አልንቀውም። ብዙ ቤት ያቆመ ባህል ነው። ሀገርን እንደ ቤት ካየን የሐጂ ክርክር ውኃ የሚያነሣ ነው፤ የቤቱ ልጅ እንግዳ በተሰበሰበበት ተነሥቶ "አባቴ ይደበድበኛል" ቢል ማን አያፍር?

ነገር ግን መልሱን ከሐጂ ከራሳቸው መንደር ማግኘት ይቻላል። መርካቶ ያለ ዕቁብ አትቆምም። ዕቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዕጣ የሚወጣበት ቀን አለው። ቅሬታ ያለው ዕቁብተኛ ወደ ዳኛው ይሄዳል፤ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል፣ ከቡድኑ አይወጣም። ገመናው ተከደነ ማለት ነው። ታዲያ ብሩን አጎደለ የተባለው ዳኛው ራሱ ቢሆንስ? ዕቁብተኛው ለጸሐፊው ቢነግር ጸሐፊው የዳኛው ሰው፤ ለሽማግሌ ቢነግር "ቆይ፣ ይታያል"። እንግዲህ የሚቀረው ዕጣ የሚወጣበት ቀን ነው። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ በላተኛው በሚመረቅበት ሰዓት ተነሥቶ "የኔ ብር የት አለ?" ይላል። ያን ቀን የሚያፍረው ማን ነው? መርካቶ ውስጥ እንዲህ ያለውን ሰው "ዕቁቡን አዋረደ" የሚለው የለም። ይልቁንም ዕቁቡን ያዳነው እሱ ይሆናል፤ ነገሩ እየተከደነ ቢቆይ ዕቁቡ ይፈርስ ነበርና።

ገመና የመክደን ግዴታ የሁለት ወገን ግዴታ ነው። እኔ አደባባይ አላወጣህም፤ አንተ ቤት ውስጥ ትሰማኛለህ። ሁለተኛው ከፈረሰ የመጀመሪያው ብቻውን ሲቆም ክድን መሆኑ ይቀርና አፈና ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. የገበሬ ልጅ አቤት የሚልበት በር የት ነበር? ምክር ቤቱ አንድም የተቃዋሚ ወንበር አልነበረበትም። ጋዜጦቹ ተራ በተራ ተዘግተዋል። ሰልፍ የወጣው ይተኮስበታል። እንኳን ሌላ፣ ሐጂና እኔ እንኳ አውቶቡስ ተራ እስክንደርስ ድረስ የተነጋገርነው በሹክሹክታ ነው። እኛ ሁለት ሽበታሞች መንገድ ላይ መናገር ከፈራን ልጁን "ለምን ሪዮ ድረስ ሄደህ?" ብለን ለመጠየቅ ምን አፍ አለን?

ደግሞም በክብር ሰዓት ብሶትን መናገር ከፈረንጅ የተማርነው አይደለም። ንጉሥ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ቆሞ "አቤት! አቤት!" ማለት የዚህ ሀገር የቆየ ሥርዓት ነው። ባላቤቱታው የሚጠብቀው ሰልፉ የደመቀበትን፣ ንጉሡ በአጀብ የሚያልፉበትን ሰዓት ነበር። በዘመነ ኃይለ ሥላሴም ወረቀቱን ይዞ መኪናቸው ፊት የሚደፋ ነበር። ዘበኛ ይገፋዋል፤ ነገር ግን "ዘውዱን ሰደበ" አይባልም። እንዲያውም ዘውዱን አምኖ ነው የጮኸው። ማንም ሰው የራሱ ላልሆነ ንጉሥ አቤት አይልም።

"እረኛ ምን አለ?" የሚለውን አባባል ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። የጥንት ሹማምንት የሕዝቡን ልብ ለማወቅ ሲፈልጉ ሜዳ ላይ ከብት የሚጠብቀው ልጅ ምን እንደሚያንጎራጉር ያስጠይቁ ነበር ይባላል። እረኛው ፖለቲከኛ ስላልሆነ ነው የተፈለገው፤ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ሹመት አያሳድድም። ሯጮቻችን የወጡትም ከዚያው ሜዳ ነው። አዝማሪውም እንዲሁ በጌታው ግብር ላይ፣ ጠጁ እየተቀዳ፣ በሰምና ወርቅ ጌታውን ይሸነቁጠዋል፤ ጌታውም የገባው እንዳልገባው ሆኖ ይሸልመዋል። የፈይሣ ልዩነት ሰሙን ጭራሽ መተዉ ነው። ወርቅ ሳያገኝ ወርቁን ተናገረ። (በነገራችን ላይ ሁለተኛ ስለወጣ በሽልማቱ ሰዓት የተዘመረው የኬንያ መዝሙር ነው። "በመዝሙራችን ላይ" እያሉ የተቆጡ ሰዎች ይህን የዘነጉት ይመስለኛል።)

የሚገርመው አጋጣሚ ደግሞ አለ። በዚያው በነሐሴ ወር፣ ፈይሣ እጁን ባጣመረ በሳምንቱ ገደማ፣ የሳንፍራንሲስኮው የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ኮሊን ኬፐርኒክ ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር ቁጭ ብሎ መቅረቱ ወሬ ሆነ። ምክንያቱን ሲጠየቅ በጥቁሮች ላይ ስለሚደርሰው በደልና ፖሊስ ስለሚገድላቸው ሰዎች ተናገረ። ከአንድ የቀድሞ ወታደር ጋር ከተመካከረ በኋላ ግን መቀመጡን ትቶ መንበርከክ ጀመረ፤ ለሞቱት ወታደሮች አክብሮት አለው ተብሎ ነው። ለኛ ይህ እንግዳ ነገር ነው። እኛ ዘንድ መንበርከክ ወይ የጸሎት ነው፣ ወይ የንጉሥ ፊት ነው፣ ወይ ደግሞ አርፍዶ የመጣ ተማሪ ጠጠር ላይ የሚቀጣው ቅጣት ነው። ሰንደቅ ዓላማ ፊት የተንበረከከን ሰው ብናይ ከልክ በላይ አከበረ እንል ነበር። እዚያ ግን ፕሬዚዳንት እስከ መስደብ ደረሰ፤ የ2016 ውድድር ዘመን ካለቀ ወዲህም አንድም ቡድን አላስፈረመውም። ያስቆጣው እንግዲህ ጉልበቱ አልነበረም። ባልተጠበቀ ሰዓት፣ ባልተጠበቀ ሰው መነገሩ ነው።

ከዚያም ቀደም ያለ አለ። ጥቅምት 6 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ኦሊምፒክ አሜሪካውያኑ ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ ጥቁር ጓንት ያጠለቀ እጃቸውን ጨብጠው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ መዝሙራቸው ሲዘመር ቆሙ። ጫማ አላደረጉም፤ በካልሲ ብቻ ነበሩ። የጥቁሩን ድህነት ለማሳየት ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው አበበ ቢቂላ ተቃውሞ ማሰቡን የሚናገር የለም፤ የተሰጠው ጫማ ስላልተመቸው ነበር። ሁለቱ አሜሪካውያን ግን የባዶ እግርን ትርጉም አስበውበት መድረክ ላይ አወጡት። ወዲያው ከቡድኑ ታግደው ከኦሊምፒክ መንደር ተባረሩ። በአራተኛው ቀን በዚያው ከተማ ሻምበል ማሞ ወልዴ ማራቶኑን አሸንፈው የኛ መዝሙር ተዘመረ።

የማሞን ስም ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ያን ቀን የተዘመረው መዝሙር የንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ምሩጽ በ1980 ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ ሲያመጣ የተዘመረው የደርግ ነው። ኃይሌና ደራርቱ ሲድኒ ላይ የቆሙለት ደግሞ ሦስተኛው ነው። ማሞ ራሳቸው ከደርግ መውደቅ በኋላ በቀይ ሽብር ወንጀል ተከሰው ወደ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ታስረው እ.ኤ.አ. በ2002 በተፈቱ በጥቂት ወራት አረፉ። በክሱ ላይ ፍርድ መስጠት የኔ ሥራ አይደለም። የምለው ይህን ነው፤ መዝሙር ይለወጣል፣ በባንዲራው መሀል ያለው ምልክትም ይለወጣል፤ ሀገር ግን እነዚህ ብቻ ቢሆን ኖሮ በአንድ ሰው ዕድሜ ሦስት ጊዜ በጠፋን ነበር። አንዱን ዘመን መቃወምና ሀገርን መካድ አንድ አይደሉም።

ሐጂ በሌላ ቀን "ታዲያ ሁሉም እየተነሣ መድረኩን የብሶት ማውጫ ቢያደርገውስ?" ብለውኛል። ይህ ያስቸግራል። የሁሉም ብሶት እኩል አይደለም፤ አንዳንዱ ጩኸትም ለፎቶ ነው። መመዘኛው ዋጋ ነው የሚሉ አሉ፤ ፈይሣ ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ለወራት በባዕድ ሀገር ቆይቷል፣ ኬፐርኒክ እንጀራውን አጥቷል። ዋጋ መክፈል ግን ርካሽ አለመሆንን እንጂ እውነተኛነትን አያረጋግጥም፤ ለስሕተትም ዋጋ የሚከፍል ሞልቷል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ይህን የሚናገርበት ሌላ ቦታ ነበረው ወይ? ከነበረው ሐጂ ልክ ናቸው፤ ሰርጉን ይተውልን። ካልነበረው ግን ነውሩ የልጁ አይደለም። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2021 ደንቡን ላላ አድርጎ ከውድድር በፊት ሜዳ ላይ ሐሳብን መግለጽ ፈቅዷል፤ የሽልማት መድረኩን ግን እንደ ታቦት ከልሎታል። መድረኩ የዝምታ ቦታ መሆኑ የሚያምረው ሌላው ቦታ ሁሉ የንግግር ሲሆን ነው።

መንግሥታችን ግን ሌላ መንገድ መረጠ። የመንግሥት ቴሌቪዥን በቀጥታ ያሳየውን አጨራረስ ደግሞ አላሳየውም። የወቅቱ የኮሙኒኬሽን ሚኒስትር ጌታቸው ረዳ ልጁ ቢመለስ ምንም አይደርስበትም አሉ። ከዚያ መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ በኢሬቻ በዓል ብዙ ሰው አለቀ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በጥቅምት የወጣው የአዋጁ መመሪያ ከከለከላቸው ነገሮች አንዱ እጅን ከራስ በላይ አጣምሮ ማሳየት ነው። ጦር ያለው፣ እስር ቤት ያለው፣ ቴሌቪዥን ያለው መንግሥት በሁለት አንጓ ላይ ሕግ አወጣ! እረኛው ምን እንዳለ ሰምቷል ማለት ነው፤ የሰማውን ግን አፉን በመያዝ መለሰለት።

ጥቅምት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ፈይሣ ሲመለስ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄዶ የተቀበለው ያው መንግሥት ነው፤ ሰዎቹ ግን ተለውጠዋል። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ተረት ይወጣው ነበር። አላለቀም። በኅዳር 2014 ዓ.ም.፣ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ ፈይሣ ከኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጋር ወደ ግንባር ለመዝመት ዝግጁ ነኝ አለ። ያኔ በ2008 "ከሃዲ" ያሉት አንዳንዶች "ጀግና" ሲሉት፣ "ጀግና" ያሉት አንዳንዶች ደግሞ አዘኑበት። በዚያ ጦርነት ላይ የእያንዳንዳችሁን አቋም መለወጥ አልፈልግም። ያስተዋልኩት ይህን ብቻ ነው፤ ሁለቱም ወገኖች የሚያከብሩት የገዛ ሐሳባቸውን ከሰው አፍ ሲሰሙ ነበር። እረኛ ምን አለ ብሎ መጠየቅ እንዲህ አይደለም። እረኛው የማንፈልገውን ሲልም ብሏል።

እስካሁን ያወራሁት መድረክ ስላላቸው ሰዎች ነው። መድረክ የሌለውስ? በደርግ ጊዜ ልጆች ሳለን፣ ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት በፖሊስ ጣቢያው ደጅ ባንዲራ ሲወርድ መንገደኛው ሁሉ ባለበት ቀጥ ይል ነበር። መኪናው ይቆማል፣ ጋሪው ይቆማል። ጆንያ የተሸከመውም ይቆማል። ሸክም ተሸክሞ የማያውቅ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ ከመሄድ ይልቅ መቆም ይከብዳል። ሲሄዱ ሸክሙ ራሱ ይገፋል፣ ሲቆሙ ግን ሙሉ ክብደቱ ወገብ ላይ ይወርዳል። ያ ሰው እና አጠገቡ እጁን ኪሱ ከትቶ የቆመው ባለሱቅ ለአንድ ባንዲራ እኩል ደቂቃ ቆመዋል። እኩል ግን አልከፈሉም። ያን ጊዜ ጆንያውን መሬት ላይ የጣለ ተሸካሚ አይቼ አላውቅም፤ ቢጥል ምን ይባል እንደነበር ግን አስባለሁ።

አዲስ ከተማ ውስጥ ያስተምር የነበረ ወዳጄ ደግሞ ይህን ነግሮኛል። የተማሪዎች ምገባ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች በ2012 ዓ.ም. በሰፊው ከመጀመሩ በፊት ነው። ጧት በሰልፉ ሰዓት፣ ልጆቹ ሰንደቅ ዓላማው ፊት ተደርድረው መዝሙሩን ሲዘምሩ፣ ከመሀል አንዱ ቀስ ብሎ ይቀመጥ ነበር። አንዳንዱ ደግሞ ሳይቀመጥ ይወድቃል። መጀመሪያ ላይ መምህራኑ በሽታ መስሏቸው ነበር፤ በኋላ ግን ለመዱት፣ ሳይበላ የመጣ ልጅ ነው። ወዳጄ ልጁን አንሥቶ ጥላ ሥር ያስቀምጠዋል፣ ከመምህራን ሻይ ክበብ ዳቦና ሻይ ያመጣለታል። መዝሙሩ አይቋረጥም፤ እዚያ ጋ ልጆቹ ይዘምራሉ፣ እዚህ ጋ ልጁ ዳቦውን ሻዩ ውስጥ እየነከረ ይበላል። አንድ ቀን አንዱ፣ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ነው፣ መዝሙሩ ገና ሳያልቅ መቀመጡ አሳስቦት "ቲቸር፣ ልነሣ?" ብሎ ጠየቀው። "ብላ" አለው ወዳጄ።